ያልተነካች መኪና

አጎትሽ በድሎኛል። ግማሿ ከአንድ፣ ግማሿ ከሌላ ስብርባሪ ተቆርጣ የተበየደች መኪና ያልተነካች ናት ብሎ ሸጠልኝ። እናትሽን የገደላት ያ ብየዳ ነው እንጂ የእኔ አነዳድ አይደለም። ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ አንቺ ደጋግመሽ አንብቢው፤ እኔ አልደግመውም።

አሁን ሰላምታዬን ልስጥ። ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ሥራው እንዴት ነው? የልጅ ልጄ ያ የሚነቃነቀው ጥርሷ ወለቀ ወይስ እስካሁን በምላሷ እየገፋች ታስፈራራችኋለች? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፤ እጄ ግን አሁንም መላጊያ ሲይዝ አይንቀጠቀጥም። ጽሕፈቴ ተንቀጥቅጦ ካየሽው ምክንያቱ እርጅና አይደለም።

ባለፈው በስልክ ስናወራ መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ይሆናል። አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። መኪና ልገዛ ነው ስትዪኝ ይሁን ብያለሁ። ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሰሽ፣ አውቶቡስ እየቀያየርሽ ማተሚያ ቤት እየደረስሽ፣ በየጠዋቱ አለቃሽ ፊት እያለከለክሽ መቆም እንደሰለቸሽ አውቃለሁ። ትንሽ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ግን ነዳጅ አትበላም አልሽኝ፤ ይሁን አልኩ። ያገኘልኝ አጎቴ ነው ስትዪ ዝም አልኩ። ቀጥለሽ፣ አባዬ አታስብ፣ አጎቴ አይቷታል፣ ያልተነካች ናት ብሏል አልሽኝ። ያን ጊዜ እጄ ስልኩን ዘጋው። ያን ቃል ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ። ከአንቺ አፍ እሰማዋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጣውላ ስለካ ልኬቱ ከአእምሮዬ ይጠፋል። ጎረቤቴ ነርሷ ወደ እናንተ ከተማ ስለምትሄድ ደብዳቤውን በእሷ እጅ እልከዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ አልችልም፤ በስልክ ብነግርሽ ድምፄን ትሰሚያለሽ፣ ድምፄን እንድትሰሚው ደግሞ አልፈልግም። መኪናዋን ቅዳሜ እቀበላታለሁ ብለሻል። ከቅዳሜ በፊት ይድረስሽ እንጂ ሌላ ነገር አልለምንም።

በመጀመሪያ ስለዚያ ቃል። መኪና ሻጮች ያልተነካች ሲሉ ቀለሟ የፋብሪካ ነው፣ አካሏ ላይ መዶሻ አላረፈም፣ ሞተሯ አልተከፈተም ማለታቸው ነው። ይህን ያህል ዘመን መንገድ ላይ የኖረች መኪና ያልተነካች አትሆንም። ማንስ ያልተነካ አለ? የእኔ የፊት ጥርስ እንኳ የራሴ አይደለም። እዚህ ጋ ተጋጭታ ነበር፣ ይህ በር የሌላ መኪና ነው፣ ዘይትም ትንሽ ትጠጣለች የሚልሽ ሻጭ ካገኘሽ እሱን ስሚው። ጉድለቷን የሚነግርሽ ሰው መኪናዋን ያውቃታል። ያልተነካች የሚልሽ ግን ወይ ጨርሶ አላያትም፣ ወይ ከሚገባው በላይ አይቷታል።

አጎትሽ ያኔም መኪና እየገዛ ይሸጥ ነበር። እኔ ቁም ሣጥን ሠርቼ ደንበኛ ቤት ለማድረስ የሰው ጋሪ እለምን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና ግቢያችን አስገብቶ ጥሩንባ ነፋ። ገና መታጠቧ ነበር፣ ውሃው ከሥሯ ይንጠባጠባል። እናትሽ እጇን እየጠረገች ወጣች። ጋሼ፣ ለሌላ ሰው አልሰጣትም፣ ያንተ ናት፣ ያልተነካች ናት አለኝ። እናትሽ ሳቀችና፣ እንግዲህ አናጢው ባለመኪና ሊሆን ነው፣ ከእንግዲህ ማን ያናግረዋል አለች። እኔ ዞሬ የኋላ ኮፈኗን ከፈትኩ። እጄ የምንጣፉን ጫፍ ያዘ። ያዘ እንጂ አልገለጠም። አጎትሽ አይቶኝ፣ ምነው ጋሼ፣ እኔንም እንደ ጣውላ ነጋዴ ልትፈትሸኝ ነው? አለኝ። እየሳቀ ነበር። እናትሽም በዓይኗ ተው አለችኝ። አፈርኩና እጄን መለስኩ።

ይሉኝታ ማለት ይህ ነው። ከነጋዴ አንዲት ጣውላ ስገዛ አገላብጬ፣ አሽትቼ፣ በጥፍሬ ጭሬ ነው። ሰው የቀጠለውን እንጨት ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አገኘዋለሁ። የገዛ ወንድሜ ያነጠፈውን ምንጣፍ ግን መግለጥ ነውር መሰለኝ።

እንዴት እንደምነዳ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ቁም ሣጥን እንደተሸከመ ሰው ነበር የምነዳው። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋብኛል። እናትሽ፣ ኧረ ሰውዬ እግረኛው ቀደመን፣ ወርደን ብንገፋት ይሻላል ትለኝ ነበር። እናትሽ በሞተችበት ቀንም ቁልቁለቱን የወረድኩት እንደዚያው ነው። መታጠፊያው አጠገብ መንገዱ ተቦርቡሮ ስለነበር የኋላ ግራ ጎማ ገባበት። ጉድጓዱ ይህን ያህል አልነበረም፤ ብስክሌት እንኳ ገብቶ ይወጣበታል። ድምፁን ግን ሰማሁት። ሙጫው የከዳ ወንበር ሰው ሲቀመጥበት የሚያሰማውን ድምፅ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ሱቄ ውስጥ ነው ያደግሽው። እሱ ነበር። ከዚያ መሪው እጄ ላይ ቀለለ። የድንጋዩን አጥር መታን። ዞር ብዬ ስመለከት፣ ከኋላ የነበረው ከእኛ ጋር አልነበረም።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። አንቺ፣ ከመኪናዋ ውስጥ የማስታውሰው የብርቱካን ሽታ ብቻ ነው ትዪ ነበር። እሱ ይበቃሻል።

ዳሌዬ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ፣ አጎትሽ ሊያስተዛዝን ለሚመጣው ሰው ሁሉ፣ ጋሼ ቁልቁለት ላይ ትዕግሥት የለውም፣ ስንት ጊዜ መከርኩት ይል ነበር። ስወጣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ገብቶ ተቀምጧል። በከዘራ እየተደገፍኩ ስብርባሪዋ ወደተጣለበት ግቢ ሄድኩ። ያን ምንጣፍ ያን ጊዜ ገለጥኩት። ከሥሩ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ የብየዳ መስመር ነበር። ላዩ ላይ ስቱኮ፣ ያ ቀለም ቀቢዎች ጉድጓድ የሚደፍኑበት ሊጥ መሰል ነገር፣ ተለጥፎበት ቀለም ተቀብቷል። የበየዳትን ሰውዬ ፈልጌ አገኘሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና፣ አባቴ፣ እኔ ያዘዙኝን ነው የሠራሁት፣ ምንጣፉን በእጁ ያነጠፈው ወንድምዎ ነው አለኝ።

ወደ አጎትሽ ሄድኩ። አላለቀሰም፣ አልካደም። ጋሼ፣ መኪና ሁሉ እኮ የተነካ ነው፣ እንደሱ ካላሉት ማን ይገዛል? አለኝ። አሁን ለሰው እነግራለሁ ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ንገር፣ ግን ከተነገረ ብዙ ነገር ይጠየቃል፣ ማን የት ተቀምጦ ነበር ተብሎም ይጠየቃል፣ አስበህበታል? አለኝ። አንቺ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ከልጆቹ ጋር ገመድ እየዘለልሽ ነበር። የፊት ጥርስሽ ወልቆ ስትስቂ ጨለማው ይታይ ነበር። አየሁሽና ከዘራዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብያለሁ። ሚስቱን በፍጥነት የገደለ ሲሉኝ ዝም ብያለሁ። አንቺም አድገሽ፣ ያን ከእሱ ቤት ሰዎች የሰማሽውን ቃል በተጣላን ጊዜ ፊቴ ላይ ወርውረሽብኛል። አልተቀየምኩሽም። ለምን ዝም አልክ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

በእርግጥ ዳሌዬ እስኪጠገን እሱ ቤት በልተሻል፤ ሚስቱም ፀጉርሽን ሠርታልሻለች፣ ትኩሳት ሲይዝሽ አብራሽ ተቀምጣለች። አልክድም። ለሷ ምስጋናዬን ሰጥቻለሁ። ለእሱ ግን ሰላምታ እንኳ የሰጠሁት አንቺ ስታይኝ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የቆመ መኪና አልፌ መሄድ አልቻልኩም። በጣቴ አንጓ ጎኑን ቆርቆር ካላደረግኩ እግሬ አልነሣ ይለኛል። ላሜራ የሆነው ይጮኻል፣ ስቱኮ የሆነው ዝም ይላል። ሰፈሩ አንኳኪው የሚል ስም አውጥቶልኛል። ጥግ ላይ ያለው ጫማ ሰፊ ባየኝ ቁጥር፣ ጋሼ አንኳኪው፣ አይልፉ፣ የቤቱ ሰዎች ወጥተዋል ይለኛል። ይሳቅ። ጋራዥ ለጋራዥ እየዞርኩ፣ መካኒኮችን እያሰለቸሁ፣ የተጣሉ መኪኖች ሥር እየተንበረከኩ የተማርኩትን ነው አሁን የምነግርሽ። ማንም አላስተማረኝም።

ቅዳሜ ከቀጠሮሽ ቀድመሽ ድረሺ። መጀመሪያ መዳፍሽን ኮፈኑ ላይ አሳርፊ። ሞቃት ከሆነ አንቺ ሳትደርሺ አስነሥተዋታል ማለት ነው፤ ቀዝቅዛ ሳለች የምታሳየው አመል አላት። እስክትቀዘቅዝ ድንጋይ ላይ ቁጭ በይ። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። ስትነሣ ከኋላዋ ገለል ብለሽ ጭሷን እዪ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አልጠፋ ካለ ውሃ ወደ ሞተሯ ይገባል። የዘይቱን ክዳን ፈትተሽ ከሥሩ እዪ፤ ወተት የነካው የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ያው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ኪስሽን ይጎዳል እንጂ አይገድልሽም። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው።

ታጥባ ከጠበቀችሽ እስክትደርቅ አትመርምሪያት፤ ውሃ ጉድን ሁሉ ያሳምራል። ከዚያ ጎንበስ በይና ከፊት መብራቷ እስከ ኋላው ጎኗን በዓይንሽ አስኪጂው፣ እኔ የጣውላ ጠርዝ ሳይ አንድ ዓይኔን እንደምጨፍነው። ማዕበል ካለው ተመትቷል። የበሮቿን ክፍተት እዪ። ከላይ ጣት የሚያስገባ፣ ከታች ወረቀት የማያስገባ ከሆነ ተጣማለች። አንኳኪያት። የሚያዩሽ ይሳቃሉ፣ የአባቷ ልጅ ይሉሻል። አንኳኪያት።

ጎማዋ በአንድ በኩል ብቻ ካለቀ አጥንቷ ቀጥ አላለም። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ እዪ፤ ብዙ አልተነዳችም ብለውሽ ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ከታየ ቆጣሪው ዋሽቷል። የወንበር ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻው ጎትቻቸው። ከውስጥ የደረቀ ጭቃ ይዞ ከወጣ ጎርፍ ውስጥ ነበረች። ክሩ ተተልትሎ ከወጣ ደግሞ አንድ ቀን የሰው ክብደት በድንገት ይዟል። የኋላዎቹንም ጎትቻቸው። የግራውን በተለይ።

ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ እግሯን እያወዛወዘች ከኋላ ተቀምጣ ትታየኛለች። ብዕሩን አስቀምጬ ወጥቼ መጣሁ። ሱቁ ፊት የቆመ መኪና አንኳኩቼ ተመለስኩ፤ የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

አካሏን የሚሸከመው ብረት፣ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር በባለቤትነት ደብተሯ፣ በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያዪ፤ በጥፍርሽም ዳስሺው። ዙሪያው ከሌላው ብረት በተለየ ከለሰለሰ ተፍቋል። መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፣ አጎትሽ የሚያውቀውን ግን አይሁን። ኩሬ ካገኘሽ አሳልፊያትና ደረቁ መንገድ ላይ ቀጥ አድርገሽ ንጂያት፣ ከዚያ ወርደሽ ዱካዋን እዪ። የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ መርገጥ አለበት። የፊቱ በአንድ መስመር፣ የኋላው በሌላ መስመር ከሄደ መኪናዋ እንደ ሸርጣን በጎኗ ነው የምትሄደው። ቁልፉን መልሺላቸውና በእግርሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።

ምንጣፉን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምፈራው ነው። የኋላ ኮፈኗን ክፈቺ፣ ትርፍ ጎማውን አውጪ፣ ምንጣፉን ከጥግ እስከ ጥግ ግለጪ። ከፊት ወንበሮቹ ሥርም ግለጪ። ከዳር እስከ ዳር የሄደ መስመር ካለ፣ ወይም ቦታው ከሌላው በተለየ በአዲስ ቀለም ወይም በሬንጅ ተሸፍኖ ካገኘሽው፣ ምንም ቃል ሳትናገሪ ተነሺ። አጎትሽ አጠገብሽ ይቆማል። አንድ ቀልድ ይቀልዳል፤ ምን ብሎ እንደሚቀልድ አውቃለሁ። አሳድጌሽ፣ ስወድሽ ኖሬ፣ እኔን ልትፈትሺ ነው ይልሻል። አንቺ ደግሞ እኔን ነው የወጣሽው፤ ባዕድ ፊት ድንጋይ ነሽ፣ ዘመድ ፊት ትቀልጫለሽ። ፊትሽ ይቀላል፣ እጅሽ የምንጣፉን ጫፍ ይዞ ይቆማል። ልጄ፣ እያፈርሽም ቢሆን ግለጪው።

ምናልባት መኪናዋ ደህና ናት። ምናልባት አጎትሽ አርጅቶ ልቡ ተመልሷል፣ ላንቺ ጥሩ ነገር ማድረግ ፈልጎ ይሆናል። ይህንንም አስቤያለሁ፤ ግትር ነኝ እንጂ ደደብ አይደለሁም። ግን ደህና ትሆናለች ብዬ ራሴን ባሳመንኩ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣል። ወንበር ስስብ ይሰማኛል፤ በር ሲዘጋ ይሰማኛል።

የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት፤ አልበቃኝም። አንቺ ደብዳቤውን አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ከትተሽ፣ አባዬ ያው አባዬ ነው ብለሽ ልትፈርሚ ትችያለሽ። ስለዚህ ዓርብ እመጣለሁ። ይህን ፊትሽ ቆሜ ማውራት ስለማልችል ደብዳቤው ይቅደመኝ፤ ስደርስ አንብበሽ ጨርሰሽ ጠብቂኝ። በትልቁ አውቶቡስ ነው የምመጣው። ትንሽ መኪና ውስጥ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳልገባሁ ታውቂያለሽ። በሠርግሽ ቀን በእግሬ የመጣሁት አጃቢ መኪና ጠፍቶ አልነበረም።

ቅዳሜ እኔ አንኳኳታለሁ። ምንጣፉንም እኔ እገልጣለሁ፣ አጎትሽ ቆሞ ይይ። ደህና ከሆነች ግዢያት፣ ይባረክልሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነጃት ግን ልጅሽ ቤት ትቆይ። ቁልቁለት ባለበት በኩል ውሰጂኝ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ በግራ በኩል። ጋቢና ና ብለሽ አትለምኚኝ፣ ቦታዬን መርጫለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ቀን ልጅሽ እኔ ነኝ ጋቢና የምቀመጠው ብላ ብታለቅስ፣ አትፍቀጂላት፣ ግን አትቆጫት። ልጅ ናት። ልጅ ጋቢና ይወዳል፣ የእናት ልብ ደግሞ ቦታውን ይለቅለታል። የማንም ጥፋት አይደለም። ይህን በደንብ አንብቢው፤ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የበያጁ እንኳ አይደለም፣ ምንጣፉን ያነጠፈው ሰው ነው እንጂ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የምትሄጂበትን መንገድ ሁሉ ሜዳ ያድርግልሽ። ባለቤትሽን ጤና ይስጠው። የልጅ ልጄን ጥርስ በቅሎ ለማየት ያብቃኝ። ለአጎትሽ ሚስት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለእሱ ምንም አትበዪው።

ዓርብ መናኸሪያው ስትቀበዪኝ ስለ አየሩ አውሪኝ፣ ስለ ሥራሽ አውሪኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠይቂኝ። ካቀፍሽኝም ምንም ሳትዪ እቀፊኝ። ስለዚህ ነገር ዛሬ ተናግሬያለሁ፤ ከዛሬ ወዲያ ላንቺም፣ ለእሱም፣ ለማንም አልናገርም። ብትጠይቂኝ አልመልስም። አልቋል።

አባትሽ